ብርድ ልብስ

ደብረ ብርሃን ላይ፣ በጥቅምት ማለዳ፣
ትንፋሽ በዓይን ይታያል፣ እንደ ጠዋት እንግዳ።
ከአፍ ወጥቶ ይቆማል፣ ነጭ ሆኖ፣ ሙቅ ሆኖ፣
ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል ውርጩ ላይ ተበትኖ።
ከታች የበሬሳ ወንዝ ያንጎራጉራል ለብቻው፤
ከላይ የገብሱን ማሳ ውርጭ አልብሶታል እስከ ዳርቻው።
እኔም ጠባሴ ማዶ፣ ከደጄ ድንጋይ ላይ፣
ጋቢዬን ደርቤ፣ ቁጭ ብዬ፣ ትንፋሼን ነው የማይ።

ሃያ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ገብቻለሁ፤
የሱፍ ብናኝ ስቤ፣ ክር ስቤ ኖሬያለሁ።
የመንዝ በግ ጠጉር፣ ባዘቶው፣ ፈትሉ፣ ድሩ፤
ጡረታ ወጥቼም በጆሮዬ ቀረ የመዘውር ዙሩ።
ስንቱን አለበስኩት! ሙሽራ፣ ተማሪ፣
ጣርማበር ላይ ጉሙ ያሳደረው አሽከርካሪ።
ሁሉም ሞቆት ተኛ፤ ሁሉም ብርድ ልብስ አለው፤
አንድ ሌሊት ስስል፣ ቃሉን ሳብሰለስለው፣
ሁለት ላይ ቆረጥኩት፣ እንደ ጨርቅ፣ በመቀስ፦
ለገላ ብርድ ልብስ።
ልብስ?

ጤና ጣቢያ ሄድኩኝ፣ ሳሉ ቢጸናብኝ፤
ሲስተር የሺመቤት ደረቴን አዳምጣ እንዲህ አለችኝ፦
«ሽሮፑ ይኸውልሽ። ሌላው ፋርማሲ አይገኝም፤
ቁጭ ብሎ ትንፋሽን መቁጠር ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።
አንድ በይ ሲገባ፤ አንድ በይ ሲወጣ፤
አሥር ስትደርሺ ወደ አንድ ተመለሺ፤ ብትስቺ ቅጣት አያመጣ።»
ሳቅኩባት በልቤ። ሃያ ሁለት ዓመት ቆጥሬ፣
ጥቅሉን፣ ሜትሩን፣ ፈረቃውን፣ የሣንቲሙን ፍሬ፣
ደግሞ ትንፋሽ ልቁጠር? በስተርጅና? ዛሬ?

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ላይ ጠፋብኝ።
እቁቡ መጣብኝ፣ የዘይቱ ዋጋ መጣብኝ፣
ከሟች ባሌ ጋራ ያልጨረስነው ጠብ መጣብኝ።
ወደ አንድ ተመለስኩ። ደግሞ አራት ላይ ሄድኩ፤
ወፍጮ ቤት፣ ቀበሌ፣ ለቅሶ ቤት ደርሼ መጣሁ፣ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ።

ጎረቤቴ ጥሩወርቅ በአጥር አየችኝና፣
«ጸሎት ነው? ኩርፊያ ነው? ምነው፣ በደኅና?»
«ጸሎቴን አድርሻለሁ፤ ይህ ከዚያ በኋላ ነው፤
ለእግዜር ነግሬው ሳበቃ፣ ዝም ብዬ የምሰማው።»
ራሷን ነቅንቃ ሄደች። በማግስቱ በርጩማ ይዛ መጣች።
ሁለት አትቆጥርም፤ ወሬ ትጀምራለች።

ምን አገኘሽ ላለኝ፦ ሳሉ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤
የዘይቱም ዋጋ በእኔ ቁጭ ማለት አልረከሰም።
ግን ጀሪካን ስሞላ የውሃው ድምፅ ሲቀጥን፣
ከታች ወፍራም ጀምሮ አፉ ጋ ሲደርስ የልጅ ድምፅ ሲሆን፣
ሰማሁት። ስንት ዓመት ቀድቼ፣ ሰምቼው አላውቅም።

ደግሞ ገብስ ስቆላ፣ አንዷ ፍሬ ዘላ
እግሬ ሥር ወደቀች፤ አንስቼ አኘክኳት፣ ብቻዋን፣ ሳልቀላቅል ሌላ።
አንዲት ፍሬ ገብስ! ስንት ቁና በልቼ
ጣዕሙን ዛሬ አወቅሁት፣ ጥርሴን ጨርሼ፣ አርጅቼ።

ስሰናበት የሰጡኝ አንድ ብርድ ልብስ አለ፣
ጫፉ ላይ ስህተት ያለበት፣ አንድ ክር የተዘለለ።
ለዓመታት ያቺን ክፍተት ሳይ እበሽቅ ነበር፤
አሁን ማታ ማታ ጣቴን አስገብቼባት፣
ቀኑ የሰጠኝን አንዲት ነገር እቋጥር ጀመር።
አንዳንዴ ሰላምታ ነው፤ አንዳንዴ የእንቁላል ዋጋ አለመጨመሩ፤
አንዳንዴ ምንም የለም፤ ያኔ ይበቃኛል ክሩ።

ዛሬ ጠዋት ሰባት ደረስኩ፤ ስምንትን ልጀምር ስል፣
የጣድኩት ወተት ገንፍሎ እሳቱ ላይ ጭስስ ሲል፣
ድሮ ቢሆን ቀኔን ሙሉ በረገምኩት።
ዛሬ ሳቄ መጣ። ከአፌ ሲወጣ አየሁት፦
ነጭ ሆኖ፣ ሙቅ ሆኖ፣
ውርጩ ላይ ተበትኖ።

ምድጃውን ጠርጌ ተመልሼ ተቀመጥኩ።
አንድ።